ስለ ባጃጅ የፊት እግር፦ በቢቸናና በሞጣ ጋራዦች ያየነው

(በተማሪዎች ማኅበር የቅዳሜ ጉባኤ ላይ የተነበበ)



የዛሬው ርእስ በማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ በታየ ጊዜ ብዙዎቻችሁ እንደ ሣቃችሁ ሰምተናል። ባለፉት ጉባኤዎች በዚህ መድረክ የተነገረው ስለ ሥነ ጽሑፍና ስለ ሕግ ነበር፤ ዛሬ ግን ስለ ባለሦስት እግሩ ባጃጅ የፊት እግር፥ ስለ ሞላውና ስለ አሞርዛተሩ፥ ስለ ፐርኖውና ስለ ቦኮላው እንናገራለን። «ይህ የጋራዥ ጉዳይ ነው እንጂ የዩኒቨርሲቲ ጉዳይ አይደለም» ያሉን አሉ። እኛም ክረምቱን ወደ ትውልድ አገራችን ወደ ምሥራቅ ጎጃም ሄደን፥ እኩሌቶቻችን ቢቸና፥ እኩሌቶቻችን ሞጣ ሰንብተን፥ እጃችን ግራሶ እስኪጠጣ ድረስ እንዲሁ ይመስለን ነበር። አሳባችንን የለወጠው የገዛ እጃችን ጥፋት ስለ ሆነ አስቀድመን እርሱን እንናዘዛለን።

በሐምሌ ወር አንድ የባጃጅ ባለቤት ቢቸና ወደምንገኝበት ቤት መጣ። ባጃጁን የገዛው እኩሌታውን ገንዘብ ከዘመድ ተበድሮ፥ እኩሌታውን ወላጆቹ በሬ ሸጠው ሰጥተውት ነው፤ ዕዳውም ገና አላለቀም። «እናንተ ልጆች ምሕንድስና ትማራላችሁ አሉ። ይህ ነገር ከፊት ይደበድበኛል፤ ኮብልስቶን ላይ ጓ ጓ ይላል፤ መሪውም በእጄ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። እስቲ እዩልኝ» አለን። አየነው፤ ከፊት ዝቅ ብሎ ቆሟል። ስለዚህም «ሞላው ደክሟል» ብለን ፈረድን፤ አንድ ቡሎን እንኳ ሳንፈታ ማለት ነው። ከብረታ ብረት ክምር ውስጥ ሽቦው ወፈር ያለ የሌላ ተሽከርካሪ ሞላ አገኘን፤ በላይ በታቹ ሮንዴላ ጨምረን አስገባነው። ባጃጁ ቀጥ ብሎ ቆመ። ባለቤቱ መረቀን፤ ጠላም ጋበዘን። እኛም «ትምህርታችን ለአገር ጠቀመ» ብለን ደስ አለን።

በዘጠነኛው ቀን፥ የገበያ ቀን ነበር፥ ሦስት ሰው ጭኖ የጎርፍ ቦይ ሲሻገር የመሪው ግንድ ከታች ከብየዳው አጠገብ ተቆረጠና የፊት ጎማው ወደ ኋላ ታጠፈ። በዝግታ ይሄድ ስለ ነበር ባጃጁ በጎኑ ከመውደቅ በቀር የባሰ አልመጣም፤ ነገር ግን ከተሳፋሪዎቹ አንዲት እናት የእጃቸው አንጓ ተሰበረ። ልንጠይቃቸው በሄድን ጊዜ ልጃቸው ቡና አፍልታ አቀረበችልን። እርሳቸውም እጃቸው እንደ ታሰረ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «አሁን ልጆቼ፥ ይህን የሚያህል ብረት ከገደል አልወደቀ፥ መኪና አልገጨው፥ ዝም ብሎ እንዴት ይሰበራል?» ብለው ጠየቁን። አራት ሆነን ተቀምጠን አንዳችንም መልስ አልነበረንም።

እንግዲህ ይህ ንግግር ለእርሳቸው ጥያቄ የተፈለገ መልስ ነው ብላችሁ አድምጡን።

የባጃጅን የፊት እግር ለመረዳት ትውልዱን ማወቅ ይጠቅማል። አያቱ ቬስፓ ናት፤ በጣሊያንኛ ተርብ ማለት ነው። ቬስፓን እ.ኤ.አ. በ1946 ለፒያጆ ኩባንያ የነደፈው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የአውሮፕላንና የሄሊኮፕተር መሐንዲስ ነበር። የፊት ጎማውን እንደ ብስክሌት በሁለት ጣት ሹካ መካከል በማስገባት ፈንታ፥ እንደ አውሮፕላን እግር ከአንድ ወገን ብቻ አንጠለጠለው፤ ጎማው ቢተነፍስ ቶሎ ፈትቶ ለመለወጥ እንዲመች ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ደግሞ ከዚሁ ዘር ባለሦስት እግሩ ጭነት ተሸካሚ ተወለደና አፔ ተባለ፤ አፔም ንብ ማለት ነው፤ የማር አገር ለሆነው ለጎጃም ንቧ ሳትቀርብ አትቀርም። የሕንዱ የባጃጅ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ እነዚህን ከውጭ እያስመጣ ሲሸጥ ቆይቶ በ1959 በአገሩ ለመሥራት ከመንግሥቱ ፈቃድ አገኘ፤ ከፒያጆ ጋር የነበረው ውልም በ1971 አበቃ። ከዚያ በኋላ የራሱን ስኩተር «ቸታክ» ብሎ ሰየመው፤ ቸታክ የራጅፑቱ ንጉሥ የማሃራና ፕራታፕ ፈረስ ነው። የቢቸና ሰው ይህን ሲሰማ አይደነቅም፤ በላይ ዘለቀን «አባ ኮስትር» ብሎ በፈረስ ስሙ የሚጠራ አገር ነውና። በእኛ አገር ደግሞ ባጃጅ የኩባንያ ስም መሆኑ ቀርቶ፥ ማንም ፋብሪካ ይሥራው ማን፥ ባለሦስት እግር ሁሉ ባጃጅ ተብሏል።

አሠራሩ ይህ ነው። ከመሪው እጀታ ሥር አንድ የብረት ቱቦ ወደ ታች ይወርዳል፤ የመሪ ግንድ እንበለው። ግንዱ ከላይና ከታች በኩሽኔታ ኳሶች ላይ ይዞራል። በታችኛው ጫፉ አጭር ክንድ በፐርኖ ተያይዟል፤ ጎማው የሚዞረው በዚህ ክንድ ጫፍ ላይ ነው። በክንዱና በግንዱ መካከል ሞላና አሞርዛተር አሉ። ጎማው ድንጋይ ሲረግጥ ክንዱ በፐርኖው ላይ ወደ ላይ ይዞራል፤ ሞላው ይጨመቃል፤ አሞርዛተሩም ዘይቱን በጠባብ ቀዳዳ እያሳለፈ የሞላውን ጉልበት ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። በጥንቱ ቬስፓ ክንዱ ከፐርኖው ወደ ኋላ የተዘረጋ ስለ ነበር፥ የፊት ፍሬን ሲያዝ ፍሬኑ ክንዱን ወደ ላይ ያዞረዋል፤ አፍንጫውም ይደፋል። ክንዱ ወደ ፊት ሲዘረጋ ግን ያው የፍሬን ጉልበት ክንዱን ወደ ታች ስለሚገፋው አፍንጫው አይደፋም። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ እኛ ግን በወረቀት ላይ ስለን ለመረዳት አንድ ሌሊት ፈጅቶብናል።

(አንድ የአማርኛ መምህራችን «ፐርኖ፥ ቦኮላ፥ ሮንዴላ፥ ኪያቤ ከማለት አማርኛ ቃል አታወጡለትም ወይ» ብለውን ነበር። ሞክረናል። ፐርኖን «መዘውር ዘንግ» አልነውና ሞጣ ጋራዥ ውስጥ ተናገርነው፤ የሥራ ልጆቹ እስከ ማታ ድረስ ሲሥቁብን ዋሉ። ቃላቱ ከጣሊያንኛ ቢመጡም አሁን የጎጃም ሆነዋል።)

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፥ በደብረ ወርቅ፥ በፈለገ ብርሃንና በሞጣ አልፎ ባሕር ዳር የሚደርሰውን መንገድ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ሁለቱም ከተሞች ከባሕር ወለል በላይ በ2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ከጮቄ ተራራ ወደ ዓባይ የሚወርዱት እንደ ሙጋና እንደ ሱሃ ያሉ ወንዞች አገሩን ቆራርጠውታል። አፈሩ መረሬ ነው፤ በክረምት ያብጣል፥ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ለጤፍ መልካም የሆነውን ያህል ለመንገድ ክፉ ነው። ባጃጁ ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ መንደር ሲገባ ጭቃው በፐርኖው ዙሪያ ይጠቀጠቅና ይደርቃል፤ ሲደርቅም እንደ ሞረድ ይፈጫል።

በዚህ ላይ ጎማው ትንሽ ነው። የባጃጅ ጎማ በ8 ኢንች ቸርኬ ላይ ስለሚገጠም ከመካከሉ እስከ ጠርዙ 20 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ የሞተር ብስክሌት ግን ወደ 31 ይደርሳል። ሁለቱም 5 ሴንቲሜትር ከፍታ ያለው ድንጋይ ቢያገኙ ምን ይሆናል? ባለፈው ዓመት የተማርነውን ማእዘን ብናሰላ፥ ድንጋዩ የሞተር ብስክሌቱን ጎማ ወደ ላይ በ100 ኪሎ ቢገፋው ወደ ኋላ የሚገፋው በ65 ኪሎ ነው፤ የባጃጁን ጎማ ግን በ88 ኪሎ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ሞላ የሚችለው ወደ ላይ የሚመጣውን ነው። ወደ ኋላ የሚመጣውን የሚሸከመው ግንዱና ብየዳው ነው። በሾፌሩ ግራና ቀኝ ተጨማሪ ሰው ሲቀመጥ ደግሞ ጭነቱ ከኋላ ወደ ፊት ይሸጋገራል። ይህን ለባለ ባጃጆቹ ስንነግራቸው «እናውቃለን፤ ነዳጁን ማን ይከፍላል?» አሉን፤ ለዚህም መልስ አልነበረንም።

የተቆረጠውን ግንድ በጆንያ ጠቅልለን ወደ ሞጣ ወሰድነው። እዚያ ስለ ፊት እግር የታወቁ አንድ አዛውንት መካኒክ አሉ፤ ሁሉም «ጋሼ» ይላቸዋል። ግንዱን ተቀብለው ስብራቱን በላምባ አጠቡና ወደ ፀሐይ አዞሩት። «ይህን ጥቁሩን ታያላችሁ? ይህ ዛሬ የተሰበረ አይደለም። ዝናብ የጠጣ ስንጥቅ ነው፤ ክረምትም ከርሞበታል። ይህ የሚያበራው ግን የእናንተ ነው» አሉን። በእውነትም ከስብራቱ ሁለት እጁ ዝጎ ጠቁሯል፤ በጥቁሩም ላይ እንደ ግንድ ቀለበት ያሉ ቀጫጭን መስመሮች ይታያሉ። የሚያበራው አንድ እጁ ብቻ ነው።

እኛ ይህን ነገር በመጽሐፍ አንብበን ፈተና ወድቀንበትም አልፈንበትም እናውቃለን፤ የብረት ድካም ይባላል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1842 በፈረንሳይ አገር ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ ይሄድ የነበረ ባቡር የሎኮሞቲቩ አክስል ተሰብሮ ከ50 የሚበልጥ ሰው አልቋል። የጀርመኑ መሐንዲስ አውጉስት ቮለርም በዚያው ምዕተ ዓመት የባቡር አክስሎችን ሺሕና ሚሊዮን ጊዜ እያዞረ፥ አንድ ጊዜ ቢጫን የማይሰብረው ሸክም ደጋግሞ ሲመላለስ ብረትን እንደሚሰብር አሳየ። ቀመሩን በቃላችን እንወጣዋለን። ነገር ግን ስንጥቁ ከዓይናችን በታች፥ ከቀለሙ ሥር ሲሄድ አላየነውም፤ ያዩት የሞጣው ጋሼ ናቸው።

ታዲያ እኛ ምን አጠፋን? ወፍራሙን ሞላ ያስገባነው ብርታቱ በምን ያህል እንደሚጨምር ሳንቆጥር ነው። የጥቅል ሞላ ብርታት ከሽቦው ውፍረት አራተኛ ኃይል ጋር ይሄዳል። ሽቦው 10 ሚሊሜትር የነበረው 11 ቢሆን፥ በዐይን የማይለይ ልዩነት ነው፤ ሞላው ግን 46 በመቶ ይበረታል። ከ8 ጥቅል አንዱን ቆርጦ መጣልም፥ ብዙ ቦታ የሚደረግ ነው፥ ሞላውን 14 በመቶ ያበረታዋል፤ ያሳጥረዋልም። ሮንዴላ መጨመር ግን ሞላውን ፈጽሞ አያበረታም፤ ባጃጁን ከፍ አድርጎ ያቆመዋል እንጂ። እኛ ሁለቱን በአንድነት አደረግን። ሞላው አልታጠፍ ሲል የድንጋዩ ምት ሁሉ ወደ ግንዱ አለፈ፤ ግንዱም አስቀድሞ የተሰነጠቀ ነበር። የደከመው ሞላ ስንጥቁን ሲሸፍንለት የኖረ ነው፤ እኛ ሽፋኑን ገፈፍንበት። ደግሞም ሞላው 46 በመቶ ሲበረታ የሚያረጋጋው አሞርዛተር ቢያንስ 21 በመቶ መበርታት ነበረበት፤ በዚያ ባጃጅ ላይ የነበረው አሞርዛተር ግን ጭራሹን ዘይት አልነበረውም። ይህን ለማወቅ ፊቱን በሁለት እጅ ወደ ታች ተጭኖ መልቀቅ ብቻ በቂ ነበር፤ አንድ ጊዜ ተነሥቶ ጸጥ ካለ ደኅና ነው፥ ሁለት ሦስት ጊዜ ከዘለለ ባዶ ነው። ይህንንም አላደረግንም።

ጋሼ ሌላ ባጃጅ ከፊቱ በክሪክ አስነሥተው ትክክለኛውን መንገድ አሳዩን። መጀመሪያ የጎማውን ታችኛ ጠርዝ ይዘው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ገፉት፤ አንዳችንን ጣቱን በላይኛው ኩሽኔታ ላይ፥ ሌላውን በፐርኖው ላይ እንዲያኖር አዘዙ። ጓታው በየትኛው ጣት ሥር እንደሚሰማ ለየንና ልቅነቱ የፐርኖው መሆኑን አወቅን። መሪውን በዝግታ ከግራ ወደ ቀኝ ሲያዞሩት በመካከል ላይ ቆርጠም ካለ ደግሞ ኳሶቹ መቀመጫቸውን ቆፍረውታል ማለት ነው። በቢቸና «መሪው ይንቀጠቀጣል» ያለን ሰው ችግሩ ይህ ነበር፤ በሞላ የሚድን አልነበረም። በቦኮላው ውስጥ ያለች ግማሽ ሚሊሜትር ክፍተት፥ ቦኮላው 4 ሴንቲሜትር ቢረዝም፥ በጎማው ጠርዝ ላይ ወደ ሁለት ተኩል ሚሊሜትር ትሆናለች፤ ሾፌሩ በእጁ የሚሰማት ይህችን ነው።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ተፈታ። አሮጌው ፐርኖ በአንድ ወገን ብቻ ተበልቶ ሞላላ ሆኖ ነበር። ቦኮላው በአዲስ ይለወጣል፤ አዲስ ከሌለ ቶርኖ ቤት በናስ ይሠራል፤ ነገር ግን አዲስ ቦኮላ ከአሮጌ ፐርኖ ጋር መግጠም ገንዘብ መጣል ነው ይላሉ፥ እውነታቸውንም ነው። ጎሚኒውና ፓራሊዮው ሁልጊዜ ይለወጣሉ፤ ርካሽ ናቸውና በእነርሱ መቆጠብ ያስቃል። ግራሶው አዲስ እስኪወጣ ድረስ ይሞላል፤ ጭቃውን ገፍቶ የሚያስወጣው እርሱ ስለ ሆነ በክረምት በየሳምንቱ ይደገማል። ይህ ሁሉ ሆኖ ሞላው ከልኩ አጥሮ ከተገኘ በፋብሪካው ልክ በተሠራ ሞላ ይተካል። ሞላ አይበየድም፤ በእሳት ከሞቀ ብርታቱ ሟምቶ ይጠፋል።

ከሁሉ ያስደነቀን ግን የስንጥቅ ፍለጋው ነው። ጋሼ በብየዳው ዙሪያ ያለውን ቀለም በሽቦ ብሩሽ አነሡ፤ በላምባ አራሱት፤ ጥቂት ቆይተው በጨርቅ አደረቁትና የተፈጨ ጠመኔ ነሰነሱበት። ስንጥቅ ካለ በውስጡ የቀረው ላምባ ወደ ጠመኔው እየወጣ ቀጭን ጥቁር መስመር ይሥላል። የባቡር ኩባንያዎች አክስሎቻቸውን ሲመረምሩ የኖሩት በዚሁ ዓይነት ዘዴ ነው። እርሳቸው ግን ከማን ተማሩት ብለን ስንጠይቃቸው «ጋኑ ሲያፈስ እናቴ በአመድ ትፈልገው ነበር» አሉን።

ስለ ሞተር ብስክሌቶች ጥቂት ብቻ እንበል፤ የግብርናና የጤና ሠራተኞች ገጠር ለገጠር የሚሄዱባቸው ናቸው። የእነርሱ የፊት ሹካ አንዱ ቱቦ በሌላው ውስጥ የሚገባ፥ ሞላና ዘይት በውስጡ የያዘ ነው፤ የጀርመኑ ቢ.ኤም.ደብልዩ እ.ኤ.አ. በ1935 በዘይት የሚሠራውን ለገበያ አወጣው። በዚህ ነገር ከጋራዦቹ ጋር አልተስማማንም። ብዙዎቹ ለሞተር የሚሆነውን ወፍራም 40 ዘይት በሹካው ውስጥ ይሞላሉ። በሞጣ ማለዳ ብርድ ያ ዘይት እንደ ማር ይረጋል፤ ሹካውም እንደ ዱላ ይደርቃል። ቀጭኑ የሹካ ዘይት ሲጠፋ እንኳ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ይሻለዋል። ይህንን ስንከራከር ጋሼ አንዱን ሹካ በእኛ ዘይት፥ አንዱን በእነርሱ ሞልተው በማለዳ ደጋግመው ተጫኑትና «እሺ» አሉ። ከዚህ የበለጠ አላሉም። ፓራሊዮው እንዳይቀደድም ከአሮጌ ካላማዳሪያ ቱቦውን የሚሸፍን ልባስ ሠራንላቸው፤ ይህ እንኳ ጥሩ ሥራ ነበር።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በደረሰው ጦርነት መንገድ ብዙ ጊዜ ሲዘጋ መለዋወጫ እንደማይገባ ታውቃላችሁ። በእንዲህ ያለ ጊዜ «አዲስ ግዛ» የሚል ምክር ምክር አይደለም። ያለውን መልሶ መሥራት የግድ ይሆናል፤ ያን ጊዜም በየት ላይ እንደሚበየድና በየት ላይ እንደማይበየድ የሚያውቅ ሰው የተሳፋሪውን ነፍስ ይዟል። አንዳንድ ቦታ ገና የጋለውን ብየዳ ውሃ ሲያፈሱበት አይተናል፤ ብረቱ ይጠነክራል፥ ነገር ግን እንደ ሸክላ ተሰባሪ ይሆናል። ይህን የሚያውቅ መምህር እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ፤ ውሃውን የሚያፈሰው ልጅ ደግሞ ሞጣ ነው። በሁለቱ መካከል ማንም አይመላለስም።

ስለ ምን አይመላለስም ብንል፥ ሐፍረት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረዋል፤ ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት የሚበልጥ ጊዜ አልፏል፤ ከመካከላችን አንዱ ግን ክረምቱን ጋራዥ መዋሉን ለቤተ ሰቦቹ ሳይነግር ነው የተመለሰው፤ ልብሱን ሞጣ አጥቦ። ስሙን አንናገርም፤ አሁን ፊት ለፊታችን ተቀምጦ ይሥቃል።

ለቢቸናው ባለ ባጃጅ አዲሱን ግንድ ከኪሳችን አዋጥተን ገዝተንለታል፤ ከባሕር ዳር እስኪደርስ ሦስት ሳምንት ቆመ፤ የሦስቱን ሳምንት ገቢ ግን አልመለስንለትም፤ አቅሙም አልነበረንም። ወደ እናታችንም ተመልሰን ሄድን። ስብራቱን አሳየናቸው፤ ጥቁሩንና የሚያበራውን። በደኅነኛው እጃቸው ዳሰሱትና «እና ይህን ጥቁሩን ሳታዩ ነው ሰው የጫናችሁበት?» አሉን። አዎ አልናቸው።

የዩኒቨርሲቲያችን የብረት ጥናት ክፍል በመጪው ሴሚስተር ከሁለቱ ከተሞች አሮጌ ግንዶችን ሰብስቦ በተማሪዎች እንዲያስመረምር፥ ከጋራዦቹም ሁለት ሰው ለአንድ ሳምንት እንዲጋብዝ ለመምህሮቻችን በጽሑፍ አመልክተናል። የመጓጓዣውን ከማኅበሩ ሣጥን እንጠይቃለን፤ ስለ ገንዘቡ በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፅ ትሰጡበታላችሁ።

የተቆረጠው ግንድ ይኸው በጠረጴዛው ላይ ነው። አጉሊ መነጽር ከፊዚክስ ክፍል ተውሰናል። ከአጠገቡ ያለው ሁለተኛው ግንድ ገና አልተሰበረም፤ ሞጣ ላይ ከሚሠራ ባጃጅ ተፈትቶ የመጣ ነው። ላምባውና ጠመኔው እዚያው ነው፤ ስንጥቁን እናንተው ፈልጉት። በመስኮቱ በኩል ተሰለፉ፤ ጃኬታችሁንም አውልቁ፥ ላምባ ከልብስ አይለቅም።